ከድሬዳዋ ያመጣሁት የኮሪያ ሥር

ድሬዳዋ የሄድኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የቆየሁትም ከነመንገዱ ሳምንት አይሞላም። የሰፈራችን ሰዎች ስለ ከተማዋ ሲጠይቁኝ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጋሪውና ስለ ብርቱካኑ እነግራቸዋለሁ። የሄድኩበትን ጉዳይ ግን እስከ ዛሬ ለማንም በሙሉ አልተናገርኩም። አሁን የምጽፈው ቢሰማ የሚጎዳ ሰው በሕይወት ስለሌለ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ የሶማሊያው ጦርነት ካበቃ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። አባቴ አስር አለቃ ወርቁ በወጣትነቱ ኮሪያ ዘምቶ የተመለሰ ወታደር ነበር። ጥር ላይ ታይፎይድ ያዘውና ለሞት አድርሶ መለሰው። ሐኪሙ «በሽታው ለቆታል፤ የቀረው አቅም ነው» አሉን። አቅሙ ግን አልመጣም። ሦስት ወር ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። እናቴ በማንኪያ የምታቀርብለትን ሾርባ ግማሹን አፉ ውስጥ ይዞ ይረሳዋል።

ከፋሲካ በኋላ ከድሬዳዋ ደብዳቤ መጣ። የጻፉት ሃምሳ አለቃ ደምሴ ናቸው፤ ከአባቴ ጋር ኮሪያ አንድ ምሽግ ውስጥ የከረሙ ሰው። በየሦስት በየአራት ወሩ ይጽፉለት ነበር። ደብዳቤውን እኔ አነበብኩለት። ሰላምታው አለቀና መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ኢንሳሙ እኔ ዘንድ አለ። አቅም ያነሰህ ቀን ሰው ላክ።»

አባቴ ከግድግዳው ዞረ። «ድገሚልኝ» አለ። ደገምኩለት።

«መታመሜን ማን ነገረው?»

እናቴ እኔን አየችኝ፤ እኔም እሷን። ማናችንም አልጻፍንላቸውም ነበር።

ኢንሳም ኮሪያኖቹ ለአንድ ሥር የሚሰጡት ስም ነው፤ ሌላው ዓለም ጂንሰንግ ይለዋል። ከሕመም ለተነሣ፣ ለወለደች ሴት፣ ጉልበቱ ለከዳው ሽማግሌ ይሰጡታል። ከዶሮ ጫጩት ጋር ይቀቅሉታል፤ በማር ይዘፈዝፉታል፤ ቆርጠው እንደ ሻይ ይጠጡታል። አባቴ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረኝና ደከመው። «ሂጂና አምጪልኝ ጽጌ» አለኝ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደግሞ መንገድ ላይ ኮሪያ የሚባል ነገር እንዳታነሺ» አለ። መንግሥት በዚያን ጊዜ የሰሜኗ ኮሪያ ወዳጅ ነበር። ለደቡቧ የተዋጉት ሰዎች ሜዳሊያቸውን ሳጥን ሥር ከተዋል።

ሰኞ

ከመሥሪያ ቤቴ የሳምንት ፈቃድ፣ ከቀበሌያችን ደግሞ «ዘመድ ለመጠየቅ» የሚል የይለፍ ወረቀት ይዤ በንጋት ለገሃር ደረስኩ። የጉለሌ ብርድ አጥንቴ ውስጥ ስለነበረ ሁለት ሹራብ ደርቤያለሁ። ሞጆ ላይ አንዱን አወለቅኩ፤ ናዝሬት ላይ ሁለተኛውን። መተሐራን ስናልፍ አጠገቤ የተቀመጠች ነጋዴ «ገና ነው፤ ቆዳሽንም ማውለቅ ያምርሻል» ብላ ሳቀችብኝ።

አዋሽ ስንደርስ ባቡሩ ቆመ። ከፊታችን ሐዲድ እየተጠገነ ስለሆነ እስከ ነገ አንንቀሳቀስም ተባለ። ማደሪያ አልነበረኝም። ጣቢያው አጥር ሥር ሻይ የምትሸጥ ሴት ግራ ስጋባ አይታ እቤቷ ወሰደችኝ። አልጋዋን ለእኔ ለቃ ራሷ ደጅ ሰሌን ላይ ተኛች። እኛ ዘንድ ደጅ የሚያድር ሰው ወይ ዘበኛ ነው ወይ የተጣላ ነው፤ እዚያ ግን ደጁ የተሻለ ክፍል ነው። ጠዋት ስትሸኘኝ «ድሬ ስትደርሺ ቀን በእኩሌታው ሰው ቤት አታንኳኪ» አለችኝ። «ያን ሰዓት ነቅቶ የሚከፍትልሽ ሰው ደህና ሰው አይደለም።»

ቀልድ መሰለኝ።

ማክሰኞ

ድሬዳዋ የገባነው ሻይ ሻጯ አታንኳኪ ባለችኝ ሰዓት፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ከባቡሩ የወረደው ሰው ሁሉ ወዲያው የት እንደገባ አላውቅም፤ ዞር ብዬ ሳይ ብቻዬን ነኝ። ከዚራ የሚባለው ሰፈር መንገዱ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ዛፎቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል፤ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። ድመት እንኳ አይታይም። አንድ ጋሪ ጥላ ሥር ቆሟል፤ ባለጋሪው ሻሽ ፊቱ ላይ ጥሎ ተኝቷል፤ ፈረሱም ዓይኑን ጨፍኗል። የጫማዬን ድምፅ ሌላ ሰው የሚከተለኝ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ዞርኩ። አዲስ አበባን በቀን እንዲህ ጭር ብላ ያየኋት በእነዚያ ክፉ ወራት ብቻ ነው፤ ያኔ ደግሞ ምክንያቱን እናውቀው ነበር።

ደቻቱን በድልድዩ ተሻገርኩ። ወንዝ ነው ይሉታል፤ እኔ ያየሁት ሰፊ የአሸዋ መንገድ ነው። ማዶ መጋላ ነው፤ ጠባብ መንገድ፣ ኖራ የተቀባ ግንብ፣ ሰማያዊ በር። አድራሻውን ከፖስታው ላይ እያነበብኩ አገኘሁትና አንኳኳሁ። ከማንኳኳቴ በሩ ተከፈተ።

ቀጠን ያሉ፣ ሽቲ የሚሉትን ስስ ቀሚስ የለበሱ፣ ራሳቸውን በሻሽ የሸፈኑ ሴት ናቸው። የሃምሳ አለቃው ባለቤት አዴ ሞሚና መሆናቸውን ከአባቴ ወሬ አወቅኩ። ወሎዬው ወታደርና የድሬዋ ኦሮሞ፣ የሁለቱም ዘመድ ሳይወድ ነው የተጋቡት።

«የወርቁ ልጅ ነሽ» አሉኝ። ጥያቄ አልነበረም። «ዓይኑን ይዘሻል። አቦ ግቢ፣ ፀሐይ ላይ ምን ያቆምሻል!»

ደጃፉ ላይ ጥቁር የወታደር ጫማ ተቀምጧል፤ ከመወልወሉ ብዛት መልክ ያሳያል። ጫማዬን አወለቅኩና አጠገቡ አስቀመጥኩ።

«ሃምሳ አለቃስ?»

«ተኝቷል። ሙቀቱ ነው» አሉና በዝግ በር ወደ ተለየችው ክፍል በአገጫቸው አመለከቱኝ።

እግሬን አጠቡኝ፤ ከጋን ቀዝቃዛ ውሃ ቀዱልኝ። ማታ ሁልበት መረቅ ቀረበ፤ አብሽ የበዛበት የሥጋ መረቅ ነው፤ በስስ ቂጣ ይበላል። እኔ አብሽ የማውቀው ለሆድ ቁርጠት ስለሆነ መጀመሪያ ፈራሁት፤ ኋላ ሳህኑን ጠረግኩት። አዴ ሞሚና አንድ ሳህን ለይተው ወደ ውስጠኛው ክፍል ይዘው ገቡ፤ ጥቂት ቆይተው ባዶ እጃቸውን ወጡና በሩን ዘጉ። የዜናው ሰዓት ሲደርስ ራዲዮኑን ከፍ አድርገው ወደ በሩ አዞሩት።

«ዜና ሳይሰማ አይተኛም» አሉኝ።

ከክፍሉ ሳል እንኳ አልተሰማም።

ረቡዕ

ጠዋት ስነሣ ሳህኑ ወጥቷል። መረቁ አልተነካም፤ ላዩ ቆዳ ሠርቷል። አዴ ሞሚና ደጅ ለቆመ ነዳይ ሰጡት። «ሌሊት አልተኛም፤ አሁን ነው የተኛው» አሉኝ፤ ዓይኔን ሳያዩ። ከዚያ ሁለታችን ቀፊራ ገበያ ሄደን ብርቱካንና ዶሮ ገዛን። በአንድ መንገድ ላይ ለአንዱ በኦሮምኛ፣ ለሌላው በሶማልኛ፣ ለእኔ በአማርኛ ያወራሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ትንፋሽ እንኳ አይወስዱም። ስለ ባላቸው የጠየቃቸው ሰው ግን አልነበረም። አገር ያወቀው በሽተኛ እቤት ተኝቶ «እንዴት አደረ?» የሚል መጥፋቱ ከነከነኝ። እኛ ሰፈር ቢሆን ገና መንገዱን ሳንጨርስ ዐሥር ሰው ይጠይቀን ነበር።

እኩለ ቀን ሆነ። ከተማው እንደገና ጸጥ አለ። አዴ ሞሚና ሰሌን ላይ ጋደም አሉ፤ እኔም ጋደም አልኩ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። የታመመ ሰው ያለበትን ቤት አውቀዋለሁ። ሦስት ወር ሙሉ የአባቴን ትንፋሽ በግድግዳ ውስጥ ስቆጥር ነው የከረምኩት። ያ ክፍል ግን ትንፋሽ አልነበረውም። አልጋ አልተንቋቋም፤ ሰው አልተገላበጠም።

ተነሥቼ በሩን ገፋሁት።

አልጋው እንደ ጦር ሰፈር አልጋ ተወጥሮ ተነጥፏል። ወንበሩ ላይ የተተኮሰ ካኪ ሸሚዝ አለ። የቁርሱ ሻይ ሳይነካ ጠረጴዛው ላይ ቀዝቅዟል። አጠገቡ አድራሻቸው የተጻፈባቸው፣ የታሸጉ ፖስታዎች በክር ታስረው ተቀምጠዋል። ከላይኛው ላይ የአባቴን ስም አነበብኩ። ከፖስታዎቹ ጎን ዝገት የበላው የቆርቆሮ ጣሳ ነበር፤ እጄ ለምን እንደከፈተው አላውቅም።

በሰም ወረቀት ውስጥ ሰው ተኝቷል። ለአፍታ የታየኝ እንዲያ ነው። ከስንዝር ትንሽ ይበልጣል፤ ቀይነቱ ወደ ጥቁር የሚያደላ፤ ራስ አለው፣ ትከሻ አለው፣ ሁለት እጅ፣ የተጠላለፉ ሁለት እግሮች፣ ከእግሮቹም ጫፍ ቀጫጭን ፀጉር። ሽታው ዝናብ የነካው አፈር ነው።

«እሱ ነው የመጣሽበት» አሉ አዴ ሞሚና ከኋላዬ። መቼ እንደተነሡ አልሰማሁም። «ውሰጂው።»

«ሃምሳ አለቃ የታሉ?»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ባለፈው ሰኔ ቀበርኩት። ልቡ ነው።»

ከፖስታዎቹ የላይኛውን አነሣሁ። «ደብዳቤውስ? ደብዳቤው እኮ ገና...»

«እሱ ራሱ ነው የጻፈው፤ በሕይወት ሳለ። አብረውት ከተመለሱት ጓደኞቹ አራት ቀርተዋል። አንዱ ሞተ ሲባል ሌላው ይታመማል፤ አይቶታል። እና መሞቱን ሲያውቅ ቁጭ ብሎ ጻፈ። ‹ሞሚና፣ የእኔን አይስሙ። በየሦስት ወሩ አንዳንድ እየላክሽ አቆዪኝ› አለኝ። ስለ ሥሩ ያለችውን ቃል በኋለኞቹ ደብዳቤዎች ላይ ጽፏታል፤ አንዳቸው አንድ ቀን ይፈልጉታል ብሎ። እኔ ማንበብ አልችልም። ከላይ ያለውን አንሥቼ ፖስታ ቤት እወስዳለሁ።»

«ለምን ለራሳቸው አልጠጡትም?»

«ለመንኩት፤ ዋላሂ ለመንኩት። ‹ይሄ የደከመን ያነሣል እንጂ የሚሄድን አይመልስም› አለኝ።»

«ሳህኑስ? ራዲዮኑስ?»

«አንቺ እንዳትጠረጥሪ ብዬ ነው» አሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ «አይ፤ ውሸት ነው። አንቺ ሳትመጪም አደርገዋለሁ» አሉኝና በሻሻቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፈኑ።

ሐሙስ

ጠዋት አዴ ሞሚና የሃምሳ አለቃውን መቃብር ላሳይሽ አሉኝና ወጣን። ቤተ ክርስቲያኑ በር ስንደርስ ነጠላዬን አስተካከሉልኝና ጫማቸውን አውልቀው ከእኔ ቀድመው ገቡ። ዘበኛው ያውቃቸዋል፤ እጅ ነሣቸው። ድንጋዩ ላይ የነበረውን አቧራ በእጃቸው ጠረጉና «የወርቁ ልጅ መጥታለች» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው እጄን ያዙኝ።

«ለአባትሽ እንዳትነግሪው። ቃል ግቢልኝ።»

ቃል ገባሁ።

ስንመለስ በድልድዩ ፈንታ በአሸዋው አቋረጥን፤ ሰው ሁሉ እንዲያ ያደርጋል። ሰማዩ ላይ የደመና ቁራጭ የለም። መሃል ላይ ስንደርስ ፍየሎቹ በድንገት ወደ ዳር ሮጡ። ከዚያ ከዳር ጩኸት ተነሣ። አንዱ በኦሮምኛ «ሎላ! ሎላ!» ይላል፤ ሌላው በሶማልኛ «ዳድ!» ይላል፤ ሌላው «ጎርፍ! ውጡ!» ይላል። እኔ የሰማሁት ሌላ ነገር ነው፤ ከባድ መኪና ከሩቅ ጠጠር የሚደፋ የመሰለ ድምፅ። አዴ ሞሚና ያን በሚያህል ዕድሜያቸው ክንዴን ጨምድደው ጎተቱኝ። ዳሩን ስንወጣ ግራ ጫማዬ አሸዋው ውስጥ ቀረ። ዞሬ ሳይ ቀይ ውሃ እንደ ግድግዳ ከፍ ብሎ መጣ፤ ፊት ለፊቱ አንድ ዛፍ ቀጥ ብሎ እንደ ቆመ ይሄዳል። ቀጥሎ የበር መዝጊያ፣ ቀጥሎ የሞተ በግ። እኛ በቆምንበት ደግሞ ፀሐይዋ ታቃጥላለች።

«ላይ ተራራው ዘንቦ ነው» አሉኝ እያለከለኩ። «እዚህ ያለ ሰው አያይም። አንዳንዴ ሰው አሸዋው ላይ ተኝቶ ይወስደዋል።»



ቤት ስንደርስ በአንድ እግር ጫማ መሄድ እንደማልችል ታየ። አዴ ሞሚና ደጃፉ ላይ የነበረውን ጥቁር ጫማ ትንሽ አዩት፤ ከዚያ አንሥተው ጫፉ ላይ ጨርቅ ወሸቁበትና እግሬ ሥር አኖሩት። እንቢ ማለት ፈለግኩ፤ ግን አጠለቅኩት። ዶሮውን ሠርተው አበሉኝ። በዚያ ማታ ሳህን ወደ ውስጥ አልገባም። ራዲዮኑም አልተከፈተም።

የሃምሳ አለቃው የአጠቃቀም ወረቀት ቆርቆሮው ውስጥ ነበር፤ አነበብኩላቸው። «ከእግሩ ጀምር፤ ራሱ መጨረሻ ነው። እንደ ጥፍር የሳሳ ቁራጭ በሸክላ ቀቅል፤ ብረት አይንካው። ማር ጨምርበት። ትኩሳት ያለበት አይጠጣው። ልብህ ከመታ ተው። ሲመሽ አትጠጣ፤ እንቅልፍ ይነሣል። አንገቱ ላይ ያሉት ጠባሳዎች ዕድሜው ናቸው፤ በየዓመቱ ቅጠሉ ሲረግፍ አንድ ይጨምራል።» አዴ ሞሚና የባላቸውን ቃል በእኔ ድምፅ ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

አርብ

ቆርቆሮው ዝጎ ስለተበሳ ሥሩን በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ያዝኩት። ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ሴት አራት ቀሚስ ደራርባ ለብሳለች፤ ኮንትሮባንድ ነው። ላቧ ይንቆረቆራል። ኤረርን እስክናልፍ ጭኔን ስታይ ቆየችና ጎንበስ ብላ «እህቴ፣ ልጁ አይጠባም?» አለችኝ።

«ልጅ አይደለም» አልኳት። ይሄን ጊዜ ፊቷ ተለወጠ። ጉልበቷን ከጉልበቴ አሸሸች።

ሚኤሶ ላይ ፈታሾች ገቡ። አንድ ረጅም፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ከፊቴ ቆመ። ሴትየዋን ከነአራት ቀሚሷ ትቶ እኔን «ፍቺው» አለኝ።

ፈታሁት። በፉርጎው ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። አንድ ሽማግሌ አማተቡ፤ አንዷ «ቢስሚላሂ» አለች። «ድግምት ነው» የሚል ሹክሹክታ ከኋላ መጣ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«መድኃኒት ነው ጓድ። ለአባቴ። ሥር ነው።»

«የየት አገር ሥር ነው እንዲህ ሰው የሚመስል?»

የአባቴ ማስጠንቀቂያ ትዝ ያለኝ ቃሉ ካፌ ከወጣ በኋላ ነው። «የኮሪያ።»

«የትኛዋ ኮሪያ?»

የሃምሳ አለቃው ጫማ ውስጥ ጣቶቼ ተኮማተሩ። ብዋሽ ከየት አገኘሽው ይለኛል፤ እውነቱን ብናገር የአባቴ ስም ይነሣል። «ጓድ፣ እኔ አላውቅም» አልኩት። «አባቴ አቅም አጥቶ ሦስት ወር ተኝቷል። ለደከመ ሰው ነው ብለው ሰጡኝ።»

ሥሩን ከእጄ ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። አሸተተው። ከዚያ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ለወለደች ሴትስ ይሆናል?» አለኝ።

«ለእሷም ይሰጣል ይላሉ። ትኩሳት ከሌላት።»

አንዱን እግር ይዞ ሰበረው። ድምፁ አጥንት ሲሰበር የሚሰማው ነው፤ ፊት ለፊቴ ያለችው ሴት ጆሮዋን ያዘች። ቁራጩን ደረት ኪሱ ከቶ ቀሪውን መለሰልኝና «ሸፍኚው» ብሎ ሳይዞር ሄደ። እስከ አዲስ አበባ ድረስ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው የለም፤ ወንበሩ ባዶ እያለ ሰው ቆሞ ተጓዘ።

ከዚያ በኋላ

አባቴ መጀመሪያ ያየው ጫማውን ነው። «ደምሴ ሰጠሽ?» አለኝ። ጫማዬን ጎርፍ እንደወሰደው ነገርኩት። «እንዴት ነው እሱስ?» አለ። «ደህና ናቸው። ሙቀቱ አድክሟቸዋል» አልኩት። ምላሴ እንዴት እንዳልተሳሰረ እንጃ።

ሰፈራችን ያሉ ጡረታ የወጡ ድሬሰር መጥተው ደም ግፊቱን ለኩት። «በጥቂቱ ይሞክር፤ ክኒኑን ግን አታስቋርጡት» አሉን። ከቀረው እግር ጀመርን። ሻዩ መራራ ነው፤ ኋላ ላይ ጉሮሮ ላይ ይጣፍጣል። በሁለተኛው ሳምንት እንጀራ ጠየቀ። በአራተኛው በዱላ እስከ አጥር በር ሄደ። ሥሩ ይሁን፣ ጊዜው ይሁን፣ ወይስ ጓደኛው አስታወሰኝ ማለቱ፣ እኔ አልምልም። ድሬሰሩም አልማሉም።

ያላሰብኩት ነገር ከዚያ መጣ። አባቴ በእግሩ ቆሞ መሄድ ሲጀምር «እንግዲህ ድሬዳዋ ሄጄ ራሴ ላመስግነው» አለ። ሙቀቱን ጠራሁ፤ ፍተሻውን ጠራሁ፤ እናቴን አስለመንኩ። አልሰማንም። በጥቅምት ብቻውን በባቡር ሄደ። ስምንት ቀን ሙሉ እህል አልበላ አለኝ። ገድዬዋለሁ አልኩ፤ ቃሌን ጠብቄ አባቴን ገደልኩት አልኩ።

በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በሩን ከፍቶ ገባ። ጠቁሯል፤ ከስቷል፤ ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ብርቱካን የሞላ ዘንቢል አስቀመጠና ተቀመጠ። ውሃ ሰጠሁት። ብርጭቆውን ከእጄ ጋር ያዘው።

«አገኘኸው አባዬ?»

«አገኘሁት እንጂ» አለ። ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል አለኝ፤ አሁንም ዜና ሳይሰማ አይተኛም አለኝ፤ ጫማው ላንቺ ይሁን ብሏል አለኝ። ዓይን ዓይኑን አየሁት። አባቴ በሕይወቱ መሐላ የሚወድ ሰው አልነበረም፤ ልጆች ሆነን ስንምል አፋችንን ይመታን ነበር። ያን ዕለት ግን፣ እኔ ምንም ሳልለው፣ ብርጭቆውን አስቀመጠና

«ደምሴ ይሙት፣ በጣም ደህና ነው» አለኝ።